የናፍጣ ሆት ሮድ ሠርቶ መሸጥ ያዋጣል ወይ ላልከው ወንድማችን

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። የ1930 ፎርድ ሞዴል ኤ ፒክአፕ ቦዲ አግኝተሃል፤ ባለ ስድስት ሲሊንደሩን 5.9 ሊትር የከሚንስ ናፍጣ ሞተር ገጥመህበት ሆት ሮድ (አሮጌ ቦዲ ላይ ጠንካራ ሞተር የተገጠመበት መኪና) ልታደርገውና ልትሸጠው አስበሃል። ያዋጣኛል ወይ ነው ያልከው። እኔ እዚሁ አሜሪካ የ1951 ሼቭሮሌ ፒክአፕ ላይ የአይሱዙ ኤን ፒ አር የጭነት መኪና ሞተር ገጥሜ ሸጫለሁ፤ የደረሰብኝን ልንገርህ። ዋናውን ነገር ግን ከወዲሁ ላስቀድመው፦ ያልተለመደ ሞተር ሰው ይሰበስብልሃል እንጂ መኪናውን አይሸጥልህም። ገዢው የሚወስነው ነድቶ ሲመለስ ነው።

ስለ ሞተሩ ልጀምር። ያ ከሚንስ ጠንካራ መሆኑን ማንም አይክድም፤ ግን ብቻውን 500 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሞዴል ኤ ፎርድ ደግሞ ሙሉ መኪናው ከነሞተሩ አንድ ቶን ገደማ ነው። ሻንሲው ቀጭን ነው፣ ከፊት ያለችውም ባሌስትራ አንዲት ናት። ሞተሩን ለመሸከም ሻንሲውን አዲስ ታበጃለህ፣ አክስሉን ትቀይራለህ፣ ፍሬኑን ትቀይራለህ፣ መጨረሻ ላይ ሞዴል ኤ የሚባለው ላሜራው ብቻ ይሆናል። ሆት ሮድ ገና ሲጀመር ካሊፎርኒያ ውስጥ ልጆቹ መከላከያውንና ኮፈኑን እየፈቱ የሚጥሉት መኪናው እንዲቀል ነበር። ያንን የሚያውቅ ገዢ ከፊት የተደፋ መኪና ሲያይ ወዲያው ይገባዋል።

ባለ አራት ሲሊንደሩ 3.9 ከሚንስ ይሻልሃል። የዳቦና የቺፕስ ማደያ ቫኖች ላይ ነው የሚገኘው። እሱም 340 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ቀላል አይባልም፤ ቢሆንም ይቻላል። ለሞዴል ኤ ስፋት ግን እኔን ብትጠይቀኝ ባለ አምስት ሲሊንደሩን የመርሴዲስ 3.0 ተርቦ እመርጥልሃለሁ፤ የድሮው 300ዲ ላይ ያለው ማለቴ ነው። ጉልበቱ ያንሳል፣ ግን ረጋ ያለ ሞተር ነው። እኔ አይሱዙውን የመረጥኩት አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ቁልፍ ማቀበል የጀመርኩት በኤን ፒ አር ሥር ተኝቼ ስለሆነ ነው፤ ያን ሞተር ዓይኔን ጨፍኜ እፈታዋለሁ። ታይሚንጉ በጥርስ እንጂ በቀበቶ አይዞርም፣ የናፍጣ ፖምፓው ሜካኒካል ነው፣ ኮምፒውተር የሚባል ነገር የለበትም። አንተም የምታውቀውን ሞተር ያዝ።

ናፍጣ የፍጥነት ሞተር አይደለም የሚሉህን አትስማ። በ1931 ኢንዲያናፖሊስ 500 በሚባለው የአሜሪካ የመኪና ውድድር ላይ አንዲት የከሚንስ ናፍጣ መኪና ነዳጅ ለመሙላት አንዴም ሳትቆም 500 ማይሉን ጨርሳለች። በ1952 ደግሞ ሌላዋ የከሚንስ መኪና በማጣሪያው የአንደኛነቱን ቦታ አግኝታ ከፊት ተሰልፋ ጀምራለች። ከ71 ዙር በኋላ የወጣችው ተርቦዋ አየር የሚስብበት ቦታ ዝቅ ያለ ስለነበረ በጎማ ብናኝና በቆሻሻ ታፍኖ ነው። አንተም ያለ ኮፈን የምትሠራው ከሆነ የአየር ፊልትሩን ወደ ላይ አውጣው፤ ለማማር ብለህ ከፊት ጎማው አጠገብ እንዳትሰቅለው።

አሁን ወደ ከባዱ። የመጀመሪያው ገዢ የመጣው የሁለት ሰዓት መንገድ ነድቶ፣ ከባለቤቱ ጋር ነበር። ጡረታ የወጣ ሰውዬ ነው። መኪናዋን ዞሮ አያት፤ ሥር ድረስ ጎንበስ ብሎ ብየዳውን ሁሉ አየ፤ ወደዳት። ገብተው ተቀመጡ፣ አስነሳሁላቸው። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ሲሆን የጎን መስታወቱ ውስጥ የነበረው አጥር ሁለት ሆኖ ይታይ ነበር። ሴትየዋ ቦርሳዋን ዳሽቦርዱ ላይ አስቀምጣ ነበር፤ ቦርሳው ቀስ እያለ ተንሸራትቶ ጭኗ ላይ ወደቀ። ተያዩ። ሰውዬው ከልቡ አመስግኖኝ ሄደ።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ሞተሩን ከሻንሲው ያሰርኩት በጠንካራ ፖሊዩሪቴን ጎማ ነው፤ ጠንካራ ሲሆን የተሻለ መስሎኝ። ትልልቅ ባለ አራት ሲሊንደር ናፍጣ ሞተር በተፈጥሮው ይንቀጠቀጣል፤ ጎማው ለስላሳ ካልሆነ መንቀጥቀጡን በሙሉ ለቦዲው ያሳልፈዋል። አውጥቼ የራሱን የኤን ፒ አሩን ለስላሳ ጎማ መለስኩ፣ የሞተሩን መቀመጫዎች ቆርጬ በአዲስ መልክ በየድኩ፣ ካቢናውንም ከሻንሲው በጎማ ለየሁት፣ ሚኒሞውን ትንሽ ከፍ አደረግኩ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ቀለም ከመቀባቴ በፊት ባደርገው ኖሮ ሁለት ቀን አይፈጅም ነበር። ስለዚህ ቀለም ሳትነካ፣ ሶፋ ሳታሰፋ፣ በባዶ ላሜራው አስነሳና ቢያንስ አንድ 200 ማይል ንዳው።

ሁለተኛው ችግር ዲፈረንሻሉ ነው። ናፍጣው በደቂቃ 2,000 ዙር ላይ ነው ደስ የሚለው። የእኔ ፒክአፕ መጀመሪያ 4.10 ዲፈረንሻል ነበራት (ጎማው አንዴ ሲዞር ከካምቢዮ የሚመጣው ዘንግ 4.10 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው)፤ ካምቢዮውም ኦቨርድራይቭ፣ ማለትም ሀይዌይ ላይ የሞተሩን ዙር የሚቀንስ ማርሽ፣ አልነበረውም። በ29 ኢንች ጎማ 2,000 ዙር ላይ የምትሄደው በሰዓት 42 ማይል ብቻ ነው። ሀይዌይ ላይ 65 ስትሄድ ሞተሩ ይጮሃል፣ አጠገብህ ካለው ሰው ጋር መነጋገር አይቻልም። 0.73 ኦቨርድራይቭ ያለው ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮና 3.08 ዲፈረንሻል ስገጥምላት በዚያው 2,000 ዙር 77 ማይል ሄደች። ጉልበቱ ከታች ስለሆነ አልከበዳትም። ሞተሩን ከመግዛትህ በፊት ይህን ሂሳብ ወረቀት ላይ ሥራው።

ጭስ አታብዛ። ፖምፓውን ከፍተው ጥቁር ጭስ የሚያስወጡ ልጆች በቪዲዮ ያደንቁሃል፤ ገንዘብ ያለው ገዢ ግን ከኋላ ቆሞ ሲያስነሳት ማየት የሚፈልገው ንጹሕ ማርሚታ ነው።

ወረቀቱን ደግሞ ዛሬውኑ ጨርስ። ቦዲው ታይትል (የባለቤትነት ወረቀት) አለው? ታይትሉ ላይ ያለው ቁጥር ሻንሲው ላይ ከተመታው ጋር ይገጥማል? ሻንሲውን ከቀየርክ መዝገቡ ሊቀየር ይችላል፣ የጭስ ምርመራውም ሕግ በየስቴቱ ይለያያል። የራስህ ስቴት ቢሮ ሄደህ በአካል ጠይቅ። እኔ ታይትሉ በእጄ ስለነበረ በመጨረሻው ቀን ሽያጩ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም።

ገንዘቡን በግልጽ ልንገርህ። ለቦዲው፣ ለሞተሩ፣ ለካምቢዮው፣ ለቀለሙና ለቁርጥራጩ ሁሉ 21,400 ዶላር ወጥቶብኛል። ማስታወቂያ ካወጣሁ ከአምስት ወር በኋላ በ27,500 ሸጥኳት። የሠራሁበትን ሰዓት ደብተር ላይ እጽፍ ነበር፦ 870 ሰዓት። በሰዓት 7 ዶላር መሆኑ ነው። ዘይት በመቀየር ከዚህ በላይ ታገኛለህ። ኪራይ ልትከፍልበት ከሆነ እንዳትጀምረው እለምንሃለሁ። ቅዳሜና እሁድህን የምትሰጠው ከሆነና ወጪህን መልሰህ የሚቀጥለውን ልትሠራበት ከሆነ ግን አዎ፣ ያዋጣል። እኔ ሁለተኛዋን ጀምሬያለሁ።

በመጨረሻ የገዛት ሰው የእርሻ መሣሪያ ጠጋኝ ነበር፤ ናፍጣ ያውቃል። የሆት ሮድ ሰዎች አይተው ሲያልፉ እሱ ኮፈኑን ከፍቶ ሩብ ሰዓት ዝም ብሎ ቆመ። ማስታወቂያህን ስታወጣ እንዲህ ዓይነት ሰዎች የሚያዩት ቦታም አውጣ፤ የብየዳውንና የሻንሲውን ፎቶ ከመጀመሪያ ቀን ጀምረህ አስቀምጥ፤ ከቀለሙ ይበልጥ እሱን ነው የጠየቀኝ።

የሻንሲህን ፎቶ ከፊትና ከጎን አንስተህ እዚሁ ለጥፍልን። የመሪው ሳጥን የት እንዳለ ካየሁ መርሴዲሱ ሳይቆረጥ ይገባ እንደሆነ እነግርሃለሁ።