አባቴ ሳይቆርብ ሞተ፤ ተዝካሩ ምን ያደርግለታል? ለሚለው ጥያቄ

እግዚአብሔር ያጽናሽ እህቴ፤ የአባትሽን ነፍስ ይማር።

ሌሎችም እንዲከተሉት ጥያቄሽን ላሳጥረው። አባትሽ ነሐሴ 10 ደብረ ማርቆስ ዐረፉ። ከንስሐ አባታቸው ጋር ሳይገናኙ፣ ሳይቆርቡ ነው የሄዱት። አንቺ ሪያድ ሥራ ላይ ነሽ። አጎትሽ “አርባው መስከረም 19 ነው፣ በሬ ይታረዳል፣ ገንዘብ ላኪ፤ ካልተፈታ ገሃነም ይገባል” አሉሽ። አብራሽ የምትሠራው የፕሮቴስታንት እምነት ተከታይ ደግሞ “ከሞተ በኋላ ምንም አይለወጥም” አለችሽ። የማንን ልስማ ነው ያልሽው። የምመልስልሽ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ትምህርት ነው፤ የሌሎቹን አቋም እግረ መንገዴን አነሣለሁ።

ከገሃነም ልጀምር፤ አጎትሽ የሳቱት እዚህ ላይ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ዛሬ በገሃነመ እሳት ውስጥ ያለች የሰው ነፍስ የለችም። ነፍስ ከሥጋ ስትለይ የምትሄደው ወይ ወደ ገነት ወይ ወደ ሲኦል ነው፤ እስከ ዳግም ምጽአት እዚያ ትቆያለች። መንግሥተ ሰማያትና ገሃነመ እሳት የሚከፈቱት ሙታን ከተነሡ፣ ነፍስና ሥጋ ከተዋሐዱ፣ ፍርዱም ከተሰጠ በኋላ ነው። ሲኦልን እንደ ማረፊያ ቤት፣ ገሃነምን እንደ ወህኒ ቤት አስቢው። አንደኛው ከፍርድ በፊት ነው፣ ሁለተኛው ከፍርድ በኋላ። የሁለቱ ልዩነት ቁልጭ ብሎ የሚታየው ራእይ 20፥13-14 ላይ ነው፤ ሲኦል በውስጡ ያሉትን ሙታን ይሰጣል፣ ከዚያ ራሱ ሲኦል ወደ እሳት ባሕር ይጣላል። ሁለቱ አንድ ቢሆኑ ኖሮ ይህ ጥቅስ ትርጉም አይኖረውም። ይህ ሲባል ግን ሲኦል ቀላል ነው ማለት አይደለም። በሉቃስ 16 ያለው ባለጠጋ የሚሠቃየው ገና ከፍርድ ቀን በፊት፣ ወንድሞቹ በሕይወት እያሉ ነው።

ስለ ነፍሳት ማረፊያ ቤተ ክርስቲያናችን በመጽሐፍ ቅዱስነት ከምትቀበላቸው 81ዱ መጻሕፍት ሁለቱን ብታነቢ ይጠቅምሻል። መጽሐፈ ሄኖክ ምዕራፍ 22 የጻድቃንና የኃጥአን ነፍሳት እስከ ፍርድ ቀን ተለያይተው የሚቆዩባቸውን ቦታዎች ያሳያል፤ የጻድቃኑ ብርሃንና የውኃ ምንጭ አለበት። ዕዝራ ሱቱኤል ደግሞ ነፍስ ከተለየች በኋላ የሚጠብቃትን ነገር የምታይባቸው 7 ቀናት እንዳሏት ይናገራል። “ነፍስ 40 ቀን በቤቷ ትዞራለች፣ ውኃ ይቀመጥላት” የሚባለው ግን የመንደር ወግ ነው። ማንም ቢያስቀምጥ አትጣዪው፤ ትምህርት አድርገሽ ግን አትያዢው።

አሁን ወደ ዋናው። ፍርዱ ገና ስላልተሰጠ ጸሎት ቦታ አለው። ካህናቱ ፍትሐት፣ ማለትም ሟች ከኃጢአት እስራት እንዲፈታ የሚጸለየውን ጸሎት፣ የሚያደርሱት “በምድር የምትፈቱት ሁሉ በሰማይ የተፈታ ይሆናል” በሚለው ሥልጣን ነው (ማቴዎስ 18፥18)፤ ነፍስ በምሕረት ከሲኦል ወደ ገነት እንድትሻገር ይለምናሉ። መለመን ነው፤ ማዘዝ አይደለም፣ መግዛትም አይደለም። ካህን “አባትሽን አወጣኋቸው” ብሎ ማረጋገጫ ሊሰጥሽ አይችልም። በዚያው ልክ አጎትሽም ሆኑ ሌላ ሰው “ገብተዋል” ብለው ሊፈርዱባቸው አይችሉም። ሳይቆርቡ መሞታቸው ያሳዝናል፤ የመጨረሻዋ ሰዓት ላይ በልባቸው የሆነውን ግን የሚያውቀው አንድ ብቻ ነው። በቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ የነበረው ጥቂት ሰዓት ነበር።

ሥርዓቱ ግን ወሰን አለው። ጸሎተ ፍትሐት ለተጠመቀ የቤተ ክርስቲያን ልጅ የሚደርስ ነው፤ ላልተጠመቀ አይደርስም። 1ኛ ዮሐንስ 5፥16 ደግሞ ሞት የሚገባው ኃጢአት እንዳለ ያስጠነቅቃል፤ ስለዚያ እንዲለመን አይልም። በአባትሽ ጉዳይ ይህ አይነሣም። በቀብራቸው ዕለት ከተፈቱ የአርባውን የሚከለክል ነገር የለም።

የባልደረባሽ ክርክር ሁለት ጥቅስ ላይ ይቆማል። ዕብራውያን 9፥27 “ለሰዎች አንድ ጊዜ መሞት ከዚያ በኋላም ፍርድ ተመድቦባቸዋል” ይላል። ይህን እኛም እናምናለን፤ ክርክሩ በሞትና በመጨረሻው ፍርድ መካከል ስላለው ጊዜ ነው፣ ጥቅሱ ደግሞ ስለ እሱ አይናገርም። ሁለተኛው ሉቃስ 16፥26 ያለው ታላቅ ገደል ነው፤ ይህ ጠንካራ ነው፣ አቃልለሽ አትለፊው። የእኛ መምህራን መልስ፣ ያ የሆነው ጌታ በአካለ ነፍስ ወደ ሲኦል ወርዶ ነፍሳትን ነጻ ከማውጣቱ በፊት ነው (1ኛ ጴጥሮስ 3፥19)፤ ደግሞም የለመነው ሟቹ ራሱ ነው እንጂ ቤተ ክርስቲያን አይደለችም የሚል ነው። ዮሐንስ አፈወርቅም ኢዮብ ስለ ልጆቹ መሥዋዕት ማቅረቡን ጠቅሶ፣ እኛም ላንቀላፉት በጸሎትና በምጽዋት እንድንረዳቸው አስተምሯል።

በክርክር ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ ብዙ ሰው ይወድቅበታል። የአይሁድ የጦር መሪ የነበረው ይሁዳ መቃቢስ ለሞቱ ወታደሮች 2000 ድራክማ ብር ሰብስቦ ስለ ኃጢአታቸው መሥዋዕት እንዲቀርብ ወደ ኢየሩሳሌም መላኩን “2ኛ መቃብያን 12፥43” እያሉ ይጠቅሳሉ። ይህ የሚገኘው በግሪኩ መጽሐፍ ነው። በእኛ 81ዱ ውስጥ ያሉት ሦስቱ መጻሕፍተ መቃብያን ስማቸው ይመሳሰል እንጂ ይዘታቸው ሌላ ስለሆነ፣ ገልጠሽ ስትፈልጊ አታገኚውም፤ ያኔ ክርክሩ በአንቺ ላይ ይዞራል። ከጠቀስሽው የየትኛው እንደሆነ ተናግረሽ ጥቀሺ።

ካቶሊኮች የሚሉትንም ከእኛ ጋር አታደባልቂው። እነሱ በጸጋ የሞተች ግን ያልነጻች ነፍስ የምትነጻበት ሁኔታ አለ ይላሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1439 በፍሎረንስ፣ በ1563 ደግሞ በትሬንት ጉባኤ አጽንተውታል። እኛ ዘንድ ሦስተኛ ማቆያ የለም። 40 ቀኑን “የመንጻት ጊዜ” አድርገው የሚያስረዱ ሰዎች ሳያውቁት የካቶሊኮችን ትምህርት ይዘዋል።

ቀኑን እናስተካክል። መታሰቢያ የሚደረግባቸው 3ኛው፣ 7ኛው፣ 12ኛው፣ 30ኛው፣ 40ኛውና 80ኛው ቀን፣ መንፈቁና ሙት ዓመቱ ናቸው፤ 7ኛ ዓመት የሚያደርጉም አሉ። 3ኛው የጌታን ትንሣኤ ያስባል። 30ው እስራኤል ለአሮንና ለሙሴ ያለቀሱበት ልክ ነው (ዘኍልቍ 20፥29፣ ዘዳግም 34፥8)። 40 እና 80 የሚመጡት ከመጽሐፈ ኩፋሌ ምዕራፍ 3 ነው፤ አዳም በ40 ቀን፣ ሔዋን በ80 ቀን ወደ ገነት ገቡ ይላል። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና የሚነሡትም በዚሁ ነው። ተዝካሩ ግን ለወንድም ለሴትም በ40 ይወጣል።

አጎትሽ መስከረም 19 ያሉት ጳጉሜንን ዘለው ስለቆጠሩ ነው። ነሐሴ 10ን አንድ ብለሽ ጀምሪ፤ ነሐሴ 30 ላይ 21 ይሆናል። ጳጉሜን 5 ቀን ስትሆን 26 ይደርሳል፣ አርባው መስከረም 14 ይውላል። ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት መስከረም 13 ነው። ሰማንያው በ5ቷ ጳጉሜን ጥቅምት 24 ይሆናል። ቤተሰቡ መሰብሰብ የሚችለው በ19 ብቻ ከሆነ ጸሎቱ በዕለቱ ይድረስ፣ ማዕዱ ይቆይ። ማዕዱ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ ደግሞ የጾም ምግብ ብቻ ይቀርባል፤ በሬ የሚባለው ነገር ያኔ በራሱ ይቀራል።

ገንዘብ ከመላክሽ በፊት ለእናትሽ ደውለሽ የአባትሽን የክርስትና ስም ያዢ። ካህኑ በቅዳሴና በፍትሐት የሚጠራው እሱን ነው፤ የቤት ስማቸውን ብቻ ይዘው የሚሄዱ ዘመዶች ብዙ ጊዜ ከደጅ ተመልሰው ስም ፍለጋ ስልክ ይደውላሉ። ከዚያ ሰው ወደተቀበሩበት ደብር ይሂድና ቢያንስ ከሳምንት በፊት ቀኑን ያስይዝ። ለቤተ ክርስቲያኑ የሚሄደው ጧፍ፣ ዕጣን፣ ዘቢብና ለመሥዋዕት የሚሆን ንጹሕ የስንዴ ዱቄት ነው፤ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ደብሩን ይጠይቁ። በዕለቱ ቅዳሴውና ፍትሐቱ ይቀድማል፣ ማዕዱ ይከተላል። ሌሊቱን ድግስ ሲያሰናዳ አድሮ ቅዳሴው ላይ ማንም ያልተገኘበት ተዝካር ዋናው ነገር ጎድሎታል።

ድግሱን በተመለከተ ሐሳቤን በግልጽ ልንገርሽ። በሬው ግዴታ አይደለም። ተበድሮ ማብላት ከሟቹ ይልቅ የቤተሰቡን ስም ለማስጠራት ነው የሚደረገው፤ ዕዳውን የሚከፍሉት ደግሞ እናትሽ ናቸው። ሉቃስ 14፥12-14 ሊመልሱልሽ የማይችሉትን ጥሪ ይላል። 100 እንጀራና ምስር ወጥ በደብሩ ደጅ ለ50 ነዳያን ይበቃል። ለዘመድና ለጎረቤት ዳቦና ጠላ ቀርቦ ጸበል ጻዲቅ ቢባል ነውር የለውም። አጎትሽ ካስቸገሩ የአባትሽ ንስሐ አባት ወይም የደብሩ አስተዳዳሪ ይንገሯቸው፤ ከልጅ አፍ ሲወጣ ስስት ይመስላል።

ሪያድ ቤተ ክርስቲያን ስለሌለ እዚያ የምታደርጊው ቀላል ነው። መዝሙረ ዳዊት 150ውን በ40 ቀን ለመጨረስ በቀን 4 መዝሙር ይበቃል፤ 38ኛው ቀን ላይ ታጠናቅቂዋለሽ። 119ኛው 176 ቁጥር ስላለው ለእሱ ብቻ አንድ ቀን መድቢለት፤ ያኔም ከአርባው አያልፍም። ዘግይተሽ ከጀመርሽ ወደ ሰማንያው አሻግሪው። በግእዙ ቍጥር የተዘጋጀ ዳዊት የምታነቢ ከሆነ ግን 118ኛ ተብሎ ታገኚዋለሽና እንዳትምታቺ።