ፍላይ መሥራት ለመማር ኪት ገዝቼ ልሂድ?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ የምኖረው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነው። የሰፈራችን ዓሣ አጥማጆች በዊንተር ማታ ማታ እየተሰበሰቡ መንጠቆ ላይ ላባና ክር እየጠመጠሙ ፍላይ፣ ማለትም ትራውት የሚባለውን ዓሣ የሚያታልል ነፍሳት መሳይ ማጥመጃ ይሠራሉ፣ የሥራ ባልደረባዬም ና አብረን እንሂድ እያለኝ ነው። እኔ ግን ዕቃ የለኝም፣ ከሱ በቀር ማንንም አላውቅም። ሙሉ ኪት ልግዛ ወይስ ባዶ እጄን ልሂድ?

መልስ፦ ባዶ እጅህን ሂድ ወንድሜ! እንዲህ ያሉ ግሩፖች ብዙ ጊዜ ለጀማሪ የሚያውሱት ቫይስ (መንጠቆውን ጨብጦ የሚይዝልህ)፣ ቦቢን (ክሩን የሚይዝልህ) እና መቀስ አላቸው፣ ለማንኛውም ባልደረባህን ቀድመህ ጠይቀው። ርካሽ ኪት ውስጥ ያለው ቫይስ መንጠቆውን አጥብቆ ስለማይዝ ክሩን በሳብክ ቁጥር ይንሸራተትብሃል፣ ጀማሪው ደግሞ ጥፋቱ የራሱ እየመሰለው ስንቱ ነው የተወው፣ በጣም ያሳዝነኛል።

መጀመሪያ ዉሊ በገር የሚባለውን ፍላይ አሠራር አሳዩኝ በላቸው። 8 ወይም 10 ቁጥር መንጠቆ ይበቃሃል፣ ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው እንደሚያንስ እወቅ። ጭራው ማራቡ የሚሉት ለስላሳ የተርኪ ላባ ነው፣ ውሃ ውስጥ ነፍስ እንዳለው ነገር ይወዛወዛል፣ ርዝመቱን ከመንጠቆው ዘንግ ጋር እኩል አድርገው። ሰውነቱ ላይ ሸኒል የሚባል ፀጉራም ክር ትጠመጥምና በላዩ የአውራ ዶሮ ላባ ታዞርበታለህ። እዚህ ጋ ተጠንቀቅ፣ ከመንጠቆው ቀዳዳ ኋላ ትንሽ ባዶ ቦታ ተው! ጀማሪ ሁሉ እስከ ቀዳዳው ድረስ ይሞላዋል፣ ከዛ መቋጠሪያ ቦታ ያጣል፣ ወንዝ ዳር ደግሞ ጣቱ በብርድ ደንዝዞ ክር በተደፈነ ቀዳዳ ሲያስገባ ይውላል። ማታውን ሙሉ ይቺኑ አንዷን ደጋግመህ ሥራ፣ ደርድረህ ስታያቸው የቱ ጋ እንደወፈረ ራስህ ታየዋለህ።

ሰው አላውቅም ላልከው፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ አጠገብ ቁጭ በልና እጁን እያየህ ጠይቀው፣ ሁሉም ሥራ ላይ ስለሆነ ወሬው ራሱ ይመጣል።

ቀጥሎ ዚብራ ሚጅ የምትባለዋን ደቃቅ ፍላይ ተማር፣ ክር፣ ቀጭን ሽቦና ትንሽ ዶቃ ብቻ ነው፣ የሳውዝ ፕላት ወንዝ ትራውት ዊንተር ላይ በብዛት የሚበላው እንዲህ ያለ ደቃቅ ነገር ነው። እዛው ወንዝ ላይ ያለው ቺዝማን ካንየን ከሄድክ ትል አይፈቀድም፣ የያዝከውንም መልሰህ ትለቃለህ፣ ስለዚህ የመንጠቆዋን ወደኋላ የዞረች እሾህ ቤትህ ሆነህ በፒንሳ ጨፍልቃት። ላይሰንስ ደግሞ 16 ዓመት ለሞላው ሁሉ ግዴታ ነው፣ ሳትወጣ በፊት አውጣ።