ጋውኑ ከመለበሱ በፊት፦ አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያውን የመምህርነት ሥራ ለምትፈልጉ

ልጆቼ፣ አሜሪካ ውስጥ የዶክትሬት ትምህርታችሁን ለመጨረስ አንድ ዓመት ገደማ የቀራችሁ ሁሉ ስትደውሉልኝ ጥያቄያችሁ አንድ ነው፤ «ከተመረቅኩ በኋላ የማስተማር ሥራ እንዴት አገኛለሁ?» ትሉኛላችሁ። ከተመረቃችሁ በኋላማ ረፍዷል። በግንቦት ተመርቆ በነሐሴ መጨረሻ ክፍል ለሚገባ ሰው የሚሆነው የቋሚ መምህርነት ማስታወቂያ በአብዛኛው የሚወጣው ቀደም ባለው መስከረምና ጥቅምት፣ እኛ ከእንቁጣጣሽ ወደ መስቀል በምንሻገርበት ወቅት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ጥቂት አመልካቾች በቪዲዮ ይጠየቃሉ፤ ከእነርሱም ሦስቱ ወይም አራቱ በጥርና በየካቲት ወደ ግቢው ተጠርተው አንድ ወይም ሁለት ቀን ይሰነብታሉ። ስለዚህ ማመልከቻው የሚጻፈው የመመረቂያ ጽሑፉ የመጨረሻ ምዕራፍ ገና ሳይጠናቀቅ ነው። በቤተ ሙከራ የምትሠሩት አብዛኞቻችሁ መጀመሪያ የተወሰኑ ዓመታት በፖስትዶክነት፣ ማለትም ከዶክትሬት በኋላ በሚሠራ ጊዜያዊ የምርምር ሥራ፣ የምታሳልፉ በመሆኑ ይህንን ምክር ለዚያን ጊዜ አቆዩት።

በቅጥር ኮሚቴ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተቀምጫለሁ። ለአንድ ቦታ ከመቶ በላይ ፋይል ሲመጣና እያንዳንዱ የኮሚቴ አባል የራሱን ክፍል እያስተማረ፣ የራሱን ፈተና እያረመ ያንን ሁሉ ሲያነብ፣ በመጀመሪያው ዙር ለአንድ አመልካች የሚደርሰው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ከእነዚህ ዓመታት አንዱን አልረሳውም። በጡረታ የወጣ ባልደረባችን ሲያስተምረው የኖረው የስታቲስቲክስ ኮርስ ያለ መምህር ቀርቶ ስለነበር ማስታወቂያውም ይህንኑ በግልጽ ይናገራል። ከአመልካቾቹ መካከል አንድ የአገሬ ልጅ ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ ምርምሩ በጥሩ እንግሊዝኛ ጽፏል፤ ስለ ኮርሱ ግን ቃል አልተነፈሰም። ባልደረባዬ ፋይሉን ዘግቶ «አይሆንም» ወደሚባለው ክምር ሊጥለው ሲል ስሙን አይቼ ተቀበልኩትና ሲቪውን እስከ መጨረሻው ገለጥኩ። አራተኛው ገጽ ግርጌ ላይ በአንዲት መስመር፣ አገር ቤት ባለ ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ሌክቸረር እንደነበረና ስታቲስቲክስ እንዳስተማረ ተጽፎ አገኘሁት። አራት ዓመት! ከተወዳዳሪዎቹ ብዙዎቹ ያስተማሩት የፕሮፌሰራቸው ረዳት ሆነው አንድ ወይም ሁለት ሴሚስተር ነበር። እርሱ ያለ ፕሮጀክተር፣ ያለ በቂ መጽሐፍ፣ መብራት እየሄደበት፣ በአንድ አዳራሽ የታጨቀ ተማሪ አስተምሮ የመጣ መምህር ነው፤ ያንን ደብቆ መጣ።

ደበቀ የምለው በክፋት አይደለም። እኛ ያደግነው ስለ ራስ ማውራት ነውር በሆነበት ቤት ነው፤ ዝምታ ወርቅ ነው እየተባልን፣ ሰው ያመስግነን እንጂ ራሳችንን አናመስግን እየተባልን ነው። ይህ አስተዳደግ ጥሩ ሰው ያደርጋል፤ ማመልከቻ ላይ ግን ለማያውቃችሁ አንባቢ ባዶ ወረቀት መስጠት ነው። ጉራ ንዙ አላልኩም። «በአራት ዓመት ውስጥ ይህንን ኮርስ ስምንት ጊዜ አስተምሬያለሁ፤ ተማሪዎቹ ይከብዳቸው የነበረው ይህ ክፍል ስለሆነ እንዲህ አድርጌ ለወጥኩት» ብሎ መጻፍ ቆጥሮ መናገር ነው እንጂ ጉራ አይደለም። ስለ ምርምር ስትጠየቁም «እኛ ሠራን፣ እኛ አገኘን» እያላችሁ ከአማካሪያችሁ ጀርባ አትሸሸጉ፤ ኮሚቴው የሚቀጥረው አንድ ሰው ስለሆነ ከሥራው ውስጥ የትኛው የእናንተ እንደሆነ ለይቶ ማወቅ ይፈልጋል።

የድጋፍ ደብዳቤ ላይም ይኸው ይደርሳል። ሦስት ደብዳቤ የተለመደ ነው፤ ጸሐፊዎቹ በቀጥታ ስለሚልኩት ይዘቱን አብዛኛውን ጊዜ አታዩትም። ፕሮፌሰሩን ማስቸገር ይሆንብናል ብላችሁ ቀነ ገደቡ ሳምንት ሲቀረው ከጠየቃችሁ የሚጻፍላችሁ «ትጉህና ትሑት ተማሪ ነው» የሚል ሁለት አንቀጽ ነው፤ ይህ ደግሞ እዚህ አገር ወቀሳ ያህል ይነበባል። ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ሲቪያችሁን፣ ማስታወቂያውንና ያስተማራችሁትን ዝርዝር አስይዛችሁ ጠይቁ። ስሙ ቢገንንም ከማያውቃችሁ ሰው ይልቅ፣ ክፍላችሁ ገብቶ ስታስተምሩ ያያችሁ ሰው ደብዳቤ ይበልጣል።

አሁን ስለ ራሴ ውርደት ልንገራችሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አንድ ግቢ የተጠራሁት በየካቲት መጨረሻ፣ ዐቢይ ጾም ገብቶ ሳለ ነበር። ጾመኛ ነኝ ብሎ ቀድሞ መናገር እንግዳ ሆኖ ሳለ አስተናጋጁን ማዘዝ መሰለኝና ዝም አልኩ። ማታ የወሰዱኝ ሥጋ ቤት ሲሆን፣ ከምግብ ዝርዝሩ ላይ ሥጋ፣ ቅቤ ወይም አይብ የሌለበት ነገር አጥቼ «አልራበኝም» ብዬ ውኃ ይዤ ተቀመጥኩ። አራት ሰዎች እየበሉ ባዶ ሳህን ፊት ለፊት የተቀመጠ እንግዳ ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ የገባኝ ከዓመታት በኋላ እኔው አስተናጋጅ ስሆን ነው። በማግስቱ ባዶ ሆዴን ለ45 ደቂቃ ንግግር ከ60 በላይ ስላይድ ይዤ ቀረብኩ፤ ዋናው ግኝቴ ላይ ሳልደርስ ሰዓቱ አለቀ። ሥራውን አላገኘሁም፤ አልፈርድባቸውም። እናንተ ግን ጉብኝቱን የሚያስተባብረው ሰው «የማትበሉት ምግብ አለ ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ በአንድ መስመር መልሱለት፤ ካልጠየቀም ንገሩት። እራቱም የቃለ መጠይቁ አካል ነው፤ ገበታው ላይ የሚመዘነው ለብዙ ዓመታት አብሯቸው ስብሰባ የሚቀመጥ ሰው ምን ዓይነት እንደሆነ ነው። ንግግራችሁን ደግሞ በዘርፋችሁ ላልሆነ ጓደኛ ሰዓት አስይዛችሁ አሰሙት፤ ዋናውን ነገር በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ተናገሩ።

(በዚያ ጉብኝት ሁለት ቀን ሙሉ «ዶክተር» ብለው ሲጠሩ የዋሉት አባቴን ነበር። ቀልድ ቢመስልም የስማችን ነገር መዘዝ አለው። አንዱ ጽሑፋችሁ በአባት ስም፣ ሌላው በአያት ስም ታትሞ፣ የራሳችሁ ስም አጻጻፍም ከፓስፖርቱ ከተለየ፣ ኮሚቴው ሥራችሁን ሲፈልግ ግማሹን ያጣዋል። አንዱን አጻጻፍ መርጣችሁ ጽኑበት፤ ኦርኪድ የሚባለውን ባለ 16 አሃዝ የተመራማሪ መለያም አውጡ፤ ክፍያ የለውም።)

የቪዛውን ጉዳይ ባጭሩ ልለፈው። በተማሪ ቪዛ ላይ ላላችሁ ኦፒቲ የሚባለው፣ ከምረቃ በኋላ በተማራችሁበት ሙያ ለመሥራት የሚያስችለው ፈቃድ 12 ወር ይሰጣል፤ በሳይንስ፣ በቴክኖሎጂ፣ በምህንድስናና በሒሳብ ዘርፍ 24 ወር ይጨመርበታል፤ በመጀመሪያው 12 ወር ውስጥ ያለ ሥራ መቆየት የሚቻለው በድምሩ 90 ቀን ነው። የመንግሥትና ለትርፍ ያልቆሙ ዩኒቨርሲቲዎች ኤች ዋን ቢ የሚባለውን የውጭ አገር ባለሙያ የሥራ ቪዛ ሲያስወጡ በዓመታዊው የቁጥር ገደብና በዕጣው አይታሰሩም። የሥራ ፈቃድ ያስፈልጋችሁ እንደሆነ ቢጠይቋችሁ መብታቸው ነውና በግልጽ መልሱ፤ ስለ ትዳራችሁና ስለ ልጆቻችሁ መጠየቅ ግን አይገባቸውም።

ሁሉም ቴኑር ትራክ የሚባለውን፣ በስድስተኛው ዓመት ገደማ ሥራው ተመዝኖ ቋሚነት የሚያስገኘውን ቦታ በመጀመሪያው ዓመት አያገኝም። የአንድ ዓመት ጊዜያዊ ቅጥር ቢመጣ አትናቁት፤ ሙሉ ደመወዝና አዲስ የደብዳቤ ጸሐፊ ያስገኛል። በኮርስ እየተከፈለ በሦስት ግቢዎች መካከል መንገድ ላይ የሚዋልበትን የአድጃንክት ኑሮ ግን እንደ መሸጋገሪያ አትዩት፤ ለመጻፍ ጊዜ ስለማይተው ብዙ ጎበዞችን ሲያስቀር አይቻለሁ። ከዚያ ይልቅ በሴሚስተር ሦስትና አራት ኮርስ የሚያስተምሩትን ትንንሽ ኮሌጆች ተመልከቱ። እናንተ በአማካሪያችሁ ዓይን እያያችሁ ትንቋቸዋላችሁ፤ እነርሱ ግን ከላይ የነገርኳችሁን የአራት ዓመት መምህር ነው የሚፈልጉት።

ካልተመረጣችሁ ብዙ ጊዜ ደብዳቤ እንኳ አይደርሳችሁም። ዝምታውን ስለ አእምሯችሁ የተሰጠ ፍርድ አታድርጉት። ከውስጥ ሆኜ እንዳየሁት፣ የበጀት መቆረጥ፣ የሁለት ፕሮፌሰሮች የቆየ ኩርፊያ ወይም ሌላው አመልካች አንዲት ተጨማሪ ኮርስ ማስተማር መቻሉ ውሳኔውን ሲለውጠው ታዝቤአለሁ።

ስልኩ ሲጠራና «መርጠንሃል» ወይም «መርጠንሻል» ሲባልም እዚያው ላይ «እሺ» አትበሉ። አመስግናችሁ የጽሑፍ ቃሉን ጠይቁ፤ ለማሰብ ጥቂት ቀናት መጠየቅ ያለ ነገር ነው። ደመወዙን፣ የመጀመሪያውን ዓመት የማስተማር ጫና፣ ኮምፒውተሩን፣ ለምርምር መነሻ የሚሰጠውን ገንዘብና የዕቃ ማጓጓዣውን አንድ በአንድ ጠይቁ፤ በጨዋነት በመጠየቁ ብቻ ሥራው የተወሰደበት ሰው እኔ አላጋጠመኝም። እኔ የመጀመሪያውን ሥራዬን ሳገኝ የዲኑ ዓረፍተ ነገር ሳያልቅ ነበር «እሺ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ያልኩት። በዚያው ሳምንት የተቀጠረው ከቢሮዬ ጎን ያለው ባልደረባ አንድ ኮርስ ተቀንሶለት፣ ዕቃውም በዩኒቨርሲቲው ወጪ ተጓጉዞለት እንደመጣ የሰማሁት በሁለተኛው ዓመት ነው። የእኔን መጻሕፍት የተከራየሁት መኪና ላይ ጭኜ፣ ነዳጁን ከኪሴ ከፍዬ አሥራ አንድ ሰዓት ነዳሁ።