ለዓለም ገናዋ ልጅ፦ ማሽኑን አሁን አትግዢ

«እህቴ ቤሩት በሰው ቤት ሠርታ በስድስት ዓመት ያጠራቀመችው 700 ሺህ ብር አለ፤ የጎደለውን እናቴ የቤታችንን ካርታ አስይዛ ትበደርልኛለች» ብለሽ ጽፈሻል። ልጄ፣ ደብዳቤሽን ያነበብኩት ማታ ነበር። ይህን መስመር ካለፍኩ በኋላ የቀረው አልገባኝም፤ ጠዋት ተነሥቼ እንደገና ጀመርኩት። መልሴም ከዚሁ መስመር ይነሣል።

ለሌሎች አንባቢዎች ነገሩን ባጭሩ ልንገራቸው። ጸሐፊዋ የ24 ዓመት ወጣት ናት፤ በአካውንቲንግ ከተመረቀች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ሥራ ስታጣ ዓለም ገና፣ ከቤቷ አጠገብ ባለ የእንጨት ሥራ ቤት በገንዘብ ያዥነት ተቀጠረች። ቤቱ በኮምፒውተር የሚታዘዝ የእንጨት መቅረጫ፣ ሁላችንም ሲኤንሲ የምንለው ማሽን አለው። በስምንት ወር ውስጥ ሥዕሉን በኮምፒውተር የምታዘጋጀው እርሷ ሆናለች። አሁን ቤተሰቧ የራሷን ማሽን ሊገዛላት ተነሥቷል፤ የተነገራቸው ዋጋ 1 ሚሊዮን 300 ሺህ ብር ነው። አባቷ ደግሞ የባንክ የሥራ ማስታወቂያ ያመጡላታል። ጥያቄዎቿ አራት ናቸው፤ እኔ የምቆየው በማሽኑ ላይ ነው።

የሒሳብ ሰው ነሽና በሒሳብ ልጀምር። ማሽኑ አምስት ዓመት ያገለግላል ብለን ብናስብ በዓመት 260 ሺህ ብር ይበላል። በዓመት 300 ቀን ከሠራ በቀን 867 ብር ገደማ ማለት ነው። ነገር ግን አንቺው ራስሽ የምትሠሪበት ቤት ማሽን አንዴ ትእዛዝ እየጠፋ፣ አንዴ መብራት እየሄደ በሳምንት ከሦስት ቀን በላይ እንደማይሠራ ጽፈሻል። በሳምንት ሦስት ቀን በዓመት 156 ቀን ነው፤ ያን ጊዜ የማሽኑ ዋጋ ብቻ በሥራ ቀን ወደ 1,667 ብር ይደርሳል። ጣውላው፣ የቤት ኪራዩ፣ የመብራቱ፣ ማሽኑ ላይ እየዞረ እንጨቱን የሚፈለፍለው ቢላ፣ የሠራተኛው ደመወዝና የባንኩ ወለድ ገና አልተነኩም። ባለፈው ወር የመላእክት ምስል ያለበትን 40 በ60 ሳንቲ ሜትር ሰሌዳ በ1,500 ብር እንደሠራችሁ በደስታ ነግረሽኛል። አብረን እንቁጠረው። ጫፉ ክብ በሆነ 6 ሚሊ ሜትር ቢላ፣ ምስሉ እንዲጠራ በየ0.6 ሚሊ ሜትሩ አንድ መስመር ከሄደ፣ 667 መስመር ይሆናል። እያንዳንዱ መስመር 60 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ቢላው የሚጓዘው 400 ሜትር ነው። በደቂቃ ሦስት ሜትር ቢሄድ ሁለት ሰዓት ከሩብ ያህል ይወስዳል፤ ሻካራውን ለማንሣት መጀመሪያ የሚሄደውን ዙር ሳንጨምር። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ተቀምጦ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሰዋል፣ ቫርኒሽ ይቀባዋል። ጥሩ ገንዘብ አገኘን ያላችሁት ይህን ሁሉ ሳትቆጥሩ ነው።

ከገንዘቡ በላይ የሚያሳስበኝ ግን እንጨቱ ነው። ማሽኑ የታዘዘውን አሳምሮ ይሠራል፤ ገበታው ላይ የተጋደመው ጣውላ ምን እንደሆነ ግን አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1952 በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በቁጥር የሚታዘዝ ማሽን ለሕዝብ ሲታይ የሚፈለፍለው ብረት ነበር። ብረት ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው፤ በክረምት ውኃ አይጠጣም፣ ጉጥ የለውም። ኤምዲኤፍም፣ ከተፈጨ እንጨትና ከሙጫ ተጨምቆ የሚሠራው ሰሌዳ፣ ጅማት ስለሌለው በየትኛውም አቅጣጫ ቢቆረጥ ግድ የለውም። በአዲስ አበባ ዳርቻ ብዙዎቹ ማሽኖች ኤምዲኤፍ ላይ የተጣበቁት፣ ከኢንተርኔት የወረደ ያው አንድ አበባም ከጀሞ እስከ ኮዬ ፈጬ በየኮንዶሚኒየሙ በር ላይ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ዋንዛ ወይም ወይራ ሲመጣ ነገሩ ይለወጣል። ጀማሪ ቢላው እንዳይሰበርበት ፈርቶ ጉዞውን ያዘገየዋል፤ ቢላው መቁረጡን ትቶ እንጨቱን ይፈገፍጋል፣ ይግላል፣ ጠርዙን ያጠቁራል፣ ስለቱም ይሞታል። ሁለት ስለት ያለው ቢላ በደቂቃ 18,000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ስለት 0.1 ሚሊ ሜትር እንዲነክስ ከተፈለገ በደቂቃ 3.6 ሜትር መጓዝ አለበት። ቁጥሩ ደግሞ ከእንጨት እንጨት፣ ከቢላ ቢላ ይለያያል። ይህን በሰው ማሽን ላይ ደመወዝ እየተከፈለሽ ልትማሪው ስትችዪ በእህትሽ ገንዘብ የምትማሪበት ምክንያት አይታየኝም።

አንድ ነገር በዓይኔ አይቻለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በለገጣፎ በኩል አንድ ወጣት የማሽን ባለቤት ለአንድ ቤት አሥራ አራት የዋንዛ በሮች ሠርቶ ችግር ስለገጠመው እንዳይለት ጠራኝ። ቅርጹ ሐረግ ነበር፤ እንደዚያ የጠራ የማሽን ሥራ ብዙ ጊዜ አላየሁም። ጣውላው የገባው በነሐሴ ነበር፤ ሸራ ለብሶ በዝናብ መጥቶ ሳይደርቅ ተሠራ። በሮቹ በመስከረም ተሰቀሉ። በታኅሣሥ፣ ደረቁ አየር ሲገባ፣ መሀለኛው ጣውላ ተኮማተረ። እንጨት በርዝመቱ ከምንም አይቆጠርም፣ በስፋቱ ግን ይጠብባል፤ 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጣውላ 3 በመቶ ብቻ ቢጠብብ 12 ሚሊ ሜትር ነው። ልጁ ጣውላውን በአራቱም ጎን በኮላ ከክፈፉ ጋር ስላጣበቀው መሄጃ አጣ፤ ሐረጉን መሀል ለመሀል ሰንጥቆት ሄደ። ስንጥቁ ውስጥ የእጄ ጥፍር ይገባ ነበር። የድሮ አናጺ ቢሆን ክፈፉን ቦርቡሮ ጣውላውን ያለ ኮላ ልቅ አድርጎ ያስገባው ነበር፤ ጣውላው እየሰፋና እየጠበበ ይኖር ነበር። ልጁ ጎበዝ ነው፣ ኮምፒውተሩን ከእኔ በብዙ እጥፍ ያውቃል። ይህን የነገረው ግን አልነበረም፤ ከማንም በታች ሠርቶ አያውቅምና።

እኔ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በእንጨት ሥራ ተመርቄ ስወጣ ሰባት ዓመት በደመወዝ ሠርቻለሁ። የመጀመሪያዎቹን አራት ወራት ዋናው አናጺ ከመላጊያ በቀር ምንም አላስያዙኝም። ጣውላውን ከመላጌ በፊት መዳፌን ወደ ፊትም ወደ ኋላም እንዳንሸራትት ያደርጉኝ ነበር፤ የላም ጀርባ በጸጉሩ አቅጣጫ ሲዳብሱትና በተቃራኒው ሲዳብሱት እንደሚለየው፣ ጣውላም ይለያል። ዛሬ አንድ ጣውላ ስነካ ማሽኑ ከየት በኩል እንደሚቦጭቀው መናገር የምችለው ከእነዚያ አራት ወራት የተነሣ ነው።

ወደ ቤተሰብሽ ልመለስ። እናትሽን አከብራለሁ፤ ሐሳባቸው ግን ትክክል አይደለም፣ ይህንንም በግልጽ እላለሁ። «ዲግሪ ይዛ ሰው ቤት ተቀጠረች ከምትባል የራሷ ድርጅት ይኑራት» ማለታቸውን ጽፈሻል። ሰፈር ምን ይላል በሚል ፍርሃት ቤት አይያዝም። ብድሩ ቢከብድ ያ ሰፈር አንድ ወር አይከፍልላችሁም፤ ካርታው ያለው ባንክ ነው። የእህትሽ ገንዘብ ደግሞ ከሁሉ ይለያል። በሰው አገር፣ በሰው ጓዳ የተገኘ ገንዘብ ነው። ስትመለስ የምትቆምበት ሌላ ነገር እንዳላት አልጻፍሽልኝም፤ እንዳማከሯትም አልጻፍሽልኝም። ነገ ደውዪላትና «ገንዘቡ በስምሽ ይቀመጥ» በያት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እዚህ ቤት የሚፈሰው ግን የሌላ ሰው ነው።

ታዲያ ምን ታድርጊ? ካለሽበት ቤት ቢያንስ አንድ ዓመት ተኩል አትውጪ። ባለቤቱን የደመወዝ ጭማሪ ከመጠየቅሽ በፊት በሳምንት ሁለት ግማሽ ቀን ከአናጺው ጋር እንድትሠሪ ጠይቂ። መላጊያ፣ መሮ፣ ስኳድራ (የማዕዘን መለኪያ) እና ሞርሴቶ (ማጥበቂያ) ያዢ። አንድ ደብተር ግዢና እያንዳንዱን ሥራ ጻፊ፦ የእንጨቱ ዓይነት፣ መቼ እንደገባ፣ የቢላው ልክ፣ ፍጥነቱ፣ የወሰደው ሰዓት፣ የተበላሸው ጣውላ። አካውንቲንግ የተማርሽው ለዚህ ደብተር ነው ብዬ አምናለሁ፤ በዚህ ሙያ የአንድ ሥራ እውነተኛ ዋጋ የሚያውቅ ሰው ያየሁት በጣት የሚቆጠር ነው። ጣውላ በጅማ መንገድ አድርጎ በደጃችሁ ያልፋል፤ ከደመወዝሽ ቆጥበሽ ሁለት ሦስት ጣውላ ግዢ፣ በየመሀሉ ቀጫጭን እንጨት እየሰጠሽ ጥላ ሥር ደርድሪው፤ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት ላለው አንድ ዓመት ያህል ይጠብቁታል። ሲደርቅ የማሽን ሰዓት ከባለቤቱ በክፍያ ግዢና በራስሽ ሥዕል ረከቦት፣ የገበጣ ሰሌዳ፣ አትሮንስ ሥሪ። ራስሽ አለስልሺው፣ ራስሽ ሽጪው። ደብተሩ ማሽን በሳምንት አምስት ቀን የሚያሠራ ትእዛዝ እንዳለሽ ካሳየ፣ ያን ጊዜም ካርታ አታስይዙ። ማሽኑን ራሳቸው ገዝተው በሊዝ የሚሰጡ የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ ተቋማት አሉ፤ ከፍለሽ እስክትጨርሺ ማሽኑ የእነርሱ ነው። ነገሩ ቢበላሽ የሚሄደው ማሽኑ ነው፤ ለመያዣ ሌላ ነገር ቢጠይቁሽ ግን ውሉን ሳታነብቢ አትፈርሚ።

ስለ ባንክ ሥራው፦ አባትሽ ደስ እንዲላቸው አመልክቺ፤ እየጠበቅሽ ግን እጅሽን አታጥፊ።

ስለ ሥዕል ፕሮግራሙ፦ የያዝሽው ይበቃል። ሌላ ከመቀየርሽ በፊት በእንጨት ሥራ የብቃት ማረጋገጫ ምዘና ተቀመጪ።

ወንዶቹ «ሴት ልጅ መላጊያ አትይዝም» ብለው ይሥቁብኛል ላልሽው፦ የመሥሪያ ገበታው ለእነርሱ ቁመት የተሠራ ነው። ከእግርሽ ሥር መቆሚያ ሳንቃ አድርጊ፤ የምትገፊው በትከሻሽ ሳይሆን በመላ ሰውነትሽ ይሁን።

ያልጠየቅሽኝን አንድ ነገር ልጨምር። ኮምፒውተርሽ ከማሽኑ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ እንደሆነና ማታ ማታ እንደሚያስልሽ በመሀል ጠቅሰሽ አልፈሻል። እኔ ላልፈው አልችልም። የኤምዲኤፍ ብናኝ እንደ ተራ ሰጋቱራ መሬት ላይ አይወድቅም፤ ደቃቅ ስለሆነ አየር ላይ ይቆያል፣ ሙጫው ውስጥም ፎርማልዲሃይድ የሚባል መርዛማ ኬሚካል አለ። አፍሽ ላይ የምታስሪው ጨርቅ አያግደውም። ለአቧራ የተሠራ ማጣሪያ ያለው ጭምብል ግዢ፣ ኮምፒውተሩም ከግድግዳው ማዶ ይዛወር፤ ገመዱ ይደርሳል። ሳሉ ካልተወሽ ሐኪም ጋ ሂጂና ምን እንደምትሠሪ ንገሪው። ባለቤቱ ኮምፒውተሩን አላዛውርም ካለ መልሰሽ ጻፊልኝ፤ አንድ ዓመት ተኩል ቆዪ ያልኩሽን ምክር እለውጠዋለሁ።