ኦቫሪዬ ወጥቷል፤ ልቤስ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ? 52 ዓመቴ ነው። በ44 ዓመቴ በማዮማ (የማህፀን እጢ) ምክንያት ማህፀኔም ሁለቱም ኦቫሪዎቼም (እንቁላል ማምረቻዎቼ) ወጡ። ቢሮዬ ለገሃር ነው፤ ውሎዬ ወንበር ላይ። ሰሞኑን በቸርችል ወደ ፒያሳ ስወጣ ቴዎድሮስ አደባባይ ጋ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ተነሥቼ «ልብሽ በደንብ ይረጫል» ተባልኩ። ጓደኛዬ የሆርሞን ኪኒን ለልብ ፍቱን ነው ትለኛለች። ልጄ ደግሞ መስቀል አደባባይ አብረን እንሩጥ ይላል። ማንን ልስማ?
ከካዛንቺስ

መልስ፦ ልጅዎን ይስሙት። ሩጫውን ግን ለጊዜው ለእሱ ይተዉለት።

«በደንብ ይረጫል» ደስ የሚል ወሬ ነው፤ ግን ግማሽ መልስ ነው። ልብ ከረጨ በኋላ ላልቶ ደም መቀበል አለበት። ኦቫሪ የሚያመነጨው ኢስትሮጅን የተባለ ሆርሞን የደም ሥር እንዲላላና መጥፎው ኮሌስትሮል እንዳይበዛ ያግዝ ነበር። በተፈጥሮ ማረጥ ቀስ እያለ የሚቀንሰው ሆርሞን፣ ኦቫሪ ሲወጣ ባንዴ ይቋረጣል። ከዚያ ግፊት ከፍ ከፍ ይላል፣ ዕድሜም ይጨመርበታል፤ ልብ ተጨብጦ ቶሎ እንደማይፈታ እጅ ይሆናል። ቁጭ ሲሉ አይታወቅዎትም፤ ዳገት ላይ ግን ትንፋሽ ያጥራል። እርስዎ ላይ የሆነው ይህ ነው ለማለት አልቸኩልም። ኢኮውን ያነሣዎትን ሐኪም «ሲላላስ እንዴት ነው?» ብለው ይጠይቁት። ግፊት፣ ስኳር፣ ኮሌስትሮልና ደም ማነስም ይታዩ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ኖረውበት ግን ድንገት የመጣ የትንፋሽ ማጠር በከፍታ አይሳበብም።

ኪኒኑን በተመለከተ፣ ኦቫሪያቸው ከ45 ዓመት በፊት ለወጣ ሴቶች እስከ ተፈጥሯዊው የማረጫ ዕድሜ ሆርሞን መስጠት ይመከራል። ያ ጊዜ አልፎዎታል። ለልብ ተብሎ ብቻ ዛሬ አይታዘዝም። እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካ ውስጥ ትልቁ የሁለት ሆርሞን ሙከራ የተቋረጠው ጉዳቱ ከጥቅሙ በልጦ ነው።

እንቅስቃሴ ግን ሌላ ነው። ኦቫሪያቸው የወጣ አይጦች እንዲሮጡ ሲደረግ ልባቸው ካልሮጡት ይልቅ በደንብ ሲላላ ታይቷል። በሰውም፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ከዳላስ የወጣ ጥናት በ45 እና በ64 ዓመት መካከል ያሉ፣ መቀመጥ የለመዱ ሰዎችን ሁለት ዓመት ስፖርት አሠራ። የልባቸው ድንዳኔ ቀነሰ። በሌላ ጥናት ግን ከ65 በኋላ በጀመሩት ላይ ይህን ያህል ለውጥ አልታየም። ስለዚህ «ነገ ዛሬ» አይበሉ።

ምርመራው ደህና ካለ፣ ከለገሃር እስከ መስቀል አደባባይ ባለው ሜዳ ፈጠን ብለው ይራመዱ። ማውራት እየቻሉ መዝፈን ካቃተዎት ልኩ እሱ ነው። ግብዎ በሳምንት 150 ደቂቃ ይሁን። የመስቀል አደባባይን ደረጃ መውጣት መውረድ ወራት ቆይቶ ይደርሳል።

ደረትዎን ከተጫነዎት፣ መንጋጋዎን ወይም ጀርባዎን ከያዘዎት ግን እዚያው ያቁሙ። «ጨጓራዬ ነው» ብለው ቤት አይተኙ፤ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።