በተሳላሚዎች መንገድ ላይ የተገኘ ሰው የጸሎት መልስ ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ በስፔን ወደ ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ በሚወስደው የተሳላሚዎች መንገድ ላይ የተሠራ የፍቅር ኮሜዲ ፊልም አየሁ። ሁለት ሰዎች በእግር ጉዞው ተዋውቀው ካቴድራሉ ደጃፍ ሲደርሱ ለትዳር ይፈቃቀዳሉ። እኔም ትዳር እንዲሰጠኝ ተስዬ መንገዱን ልሄድ አስቤአለሁ። እዚያ የምተዋወቀውን ሰው የእግዚአብሔር መልስ ነው ብዬ ብቀበል ስሕተት ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ትዳርን ከእግዚአብሔር መለመንሽ መልካም ነው፤ በዚህ አትፈሪ። ካቴድራሉና መንገዱ በስሙ የሚጠሩት ቅዱስ ያዕቆብ ወልደ ዘብዴዎስም ሄሮድስ በሰይፍ ያስገደለው (ሐዋ. 12፥2)፣ እኛም ሚያዝያ 17 የምናስበው ሐዋርያ ነው። በሌላ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ላይ ስለ መገኘትና ስለ ቁርባን ሥርዓታችንን ስለምታውቂ አልደግመውም።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። «ከዚህ ሁሉ ሕዝብ መካከል እኛን ያገናኘን እግዚአብሔር ካልሆነ ማን ነው?» የሚሉ ብዙ ወጣቶች ገጥመውኛል። ማስረጃቸው ሁልጊዜ ዘፍጥረት 24 ነው፤ የአብርሃም ሎሌ ርብቃን በውኃ ጉድጓድ አጠገብ አገኛት ይላሉ። ምዕራፉን ግን እስከ መጨረሻው አላነበቡትም። ሎሌው የለመነው ምልክት መገናኘቱን አይደለም፤ ለእርሱም ለግመሎቹም የምታጠጣ ልጅ እንድትመጣ ነው። ግመሎቹ 10 ነበሩ። የተጠማ ግመል በአንድ ጊዜ 100 ሊትር ያህል ሊጠጣ ይችላል፤ ርብቃም ጠጥተው እስኪረኩ በእንስራ እየተመላለሰች ቀዳች። ምልክቱ ጠባይዋ ነበር። ያን ሁሉ ሲያይ እንኳ ሎሌው ዝም ብሎ ተመለከታት (ቁ. 21)። ቀጥሎ የማን ልጅ እንደ ሆነች ጠየቀ፣ ቤተሰቧ ፊት ጉዳዩን ተናገረ፣ በመጨረሻም ራሷ «ከዚህ ሰው ጋር ትሄጃለሽን?» ተብላ ተጠየቀች (ቁ. 58)። ፊልሙ እነዚህን ሁሉ ዘሎ መገናኘቱን ብቻ አሳየ።

መንገዱ ልብን ለምን እንደሚያቀራርብም እወቂ። ሳን ዣን ፒዬ ደ ፖር ከምትባል የፈረንሳይ ከተማ የሚነሣውና «የፈረንሳይ መንገድ» የሚባለው ጉዞ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በቀን ከ20 እስከ 25 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው አንድ ወር ገደማ ይፈጅበታል። ማታ ማታ በማደሪያዎቹ የምታገኚው ቀን አብረውሽ የተጓዙትን ነው። እግርሽ ውኃ ቋጥሮ ሲያነክስሽ ፋሻ የሚሰጥሽ፣ ቦርሳሽን የሚይዝልሽ ሰው ወንድም ይሆንብሻል። ደግነቱ እውነተኛ ነው። ነገር ግን በቤቱ፣ በሥራው፣ በገንዘቡ፣ ሲቆጣም እንዴት እንደሆነ አላየሽም፤ አግብቶ እንደሆነ እንኳ ከአፉ በቀር ምስክር የለሽም። ድካምና ብቸኝነት ያቀራረቡትን ሰው መንፈስ ቅዱስ መረጠልኝ ማለት በእግዚአብሔር ስም መቸኮል ነው።

ስለዚህ ስለቱን ለይተሽ ተሳዪ፦ «ጌታ ሆይ፣ ፈቃድህን አሳየኝ» ብለሽ ሂጂ፣ ቀን ግን አትቁረጪለት። ሰው ብትተዋወቂ በመንገዱ ላይ ቃል አትግቢ፣ ቀለበትም አትቀበዪ። ለብቻሽ የምትጸልዪበት ሰዓት ይኑርሽ፤ ጠዋት የመጀመሪያውን ሰዓት ያለ ጓደኛ መራመድ ለዚህ ይመቻል። የቦርሳሽ ክብደት ከሰውነትሽ ክብደት ከአንድ ዐሥረኛው ባይበልጥ ይሻላል፤ በሕመም የተያዘ ሰው ጸሎቱ ይበተናል።

ሳንቲያጎ ስትደርሺ በተሳላሚዎች ቢሮ የጉዞሽን ምክንያት ትጠየቂያለሽ። ኮምፖስቴላ የተባለው ምስክር ወረቀት የሚሰጠው ለሃይማኖት ወይም ለመንፈሳዊ ዓላማ በእግር ቢያንስ 100 ኪሎ ሜትር ለሄደ ሰው ነው። ያንን ጥያቄ ከመነሣትሽ በፊት ለራስሽ መልሺው። «ባል ፍለጋ ብቻ» ከሆነ መልሱ፣ ጉዞውን አቆይተሽ መጀመሪያ ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ።

ከተመለስሽም በኋላ ሰውየው ከልብሽ ካልወጣ፣ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፤ ሃይማኖቱን ጠይቂ፣ ቤተሰቡን እወቂ፣ ቤተሰብሽም ይወቁት። መንገድ ላይ ባልሆነ ተራ ቀን፣ ሥራ ውሎ ሲደክመው እይው። ይህ ወራት ቢወስድ አትሸበሪ፤ ፈቃደ እግዚአብሔር ከሆነ በመዘግየትሽ አያመልጥሽም።