መብራቱን ከኮርኒሱ ዝቅ አድርጉት
የቤት አያያዝ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ቤታችን ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። ሳሎኑ 4 በ5 ሜትር ነው፤ መስኮቱ ወደ ጣና ይከፈታል። ቀን ቀን ደስ ይላል፣ ሲመሽ ግን ሐኪም ቤት ወረፋ የምንጠብቅ ይመስላል። መሃል ኮርኒሱ ላይ ባለ 18 ዋት ነጭ ኤልኢዲ አለ፤ ሶፋዎቹ አራቱንም ግድግዳ ተደግፈዋል። ቀለም እናስቀባ ወይስ ሶፋ እንቀይር?

መልስ፦ ቀለሙንም ሶፋውንም ተዉት። ቤቱን ያቀዘቀዘው የመብራቱ ዓይነትና የዕቃው አቀማመጥ ነው። ብርሃን ከአናት በላይ ከአንድ ቦታ ብቻ ሲወርድ የሰው ዓይን ሥር ይጠቁራል፣ ፊት ይገረጣል።

መጀመሪያ አምፖሉ። ካርቶኑ ላይ ከዋቱ ሌላ በኬልቪን (የብርሃኑን ቀለም በሚያመለክት መለኪያ) የተጻፈ ቁጥር ታገኛላችሁ። 6500 ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ነው፤ ለወጥ ቤት ይሁን። ለሳሎን 2700 ወይም 3000 ግዙ፣ ግን አንዱን ቁጥር መርጣችሁ ለሁሉም። አንዱ ቢጫ አንዱ ነጭ የሆነበት ሳሎን ከበፊቱም የባሰ ዓይን ይረብሻል።

ለ20 ካሬ ሜትር ሳሎን በድምሩ ከ2000 እስከ 3000 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ) ይበቃል። ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ 800 ሉመን ገደማ፣ ባለ 7 ዋት ደግሞ 600 ገደማ ይሰጣል። ስለዚህ ኮርኒሱ ላይ አንድ ባለ 9 ዋት፣ በሁለት ትይዩ ማዕዘኖች ባለ 7 ዋት የቁም ወይም የጠረጴዛ መብራቶች፣ ቡና በሚፈላበት በኩል ደግሞ አንድ ባለ 5 ዋት አድርጉ። የመብራቱ ቆብ የታችኛው ጠርዝ ከወለሉ ከ1 ሜትር እስከ 1 ሜትር ከ20 ይሁን፤ ከዚያ ከፍ ካለ የተቀመጠ ሰው አምፖሉን ፊት ለፊት ያየዋል። ከግድግዳው 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ብታርቁት ብርሃኑ ግድግዳው ላይ ይዘረጋል፣ ክፍሉም ሰፋ ብሎ ይታያል። የቡናው መብራት ከጎን ይምጣ። ከምታፈላዋ ጀርባ ከሆነ የራሷ ጥላ ምጣዱ ላይ ይወድቅና የቡናውን መልክ መለየት ያስቸግራታል። ማታ እንግዳ ተቀምጦ ሲጫወት የኮርኒሱን አጥፍታችሁ በሦስቱ ብቻ ቆዩ፤ ለውጡ ያን ጊዜ ነው የሚታየው።

ሶፋው ላይ ስንመጣ፣ ፊት ለፊት የተቀመጡ ሰዎች ከ2 ሜትር ተኩል በላይ ከተራራቁ ድምፅ ከፍ ማድረግ ይጀምራሉ፤ ጨዋታው ይቀዘቅዛል። አንዱን ሶፋ ወደ መኝታ ቤት ውሰዱት። የቀሩትን ከግድግዳው ሳብ አድርጋችሁ ወደ መሃል አቀራርቡ። በሶፋውና በጠረጴዛው መካከል ከ40 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር፣ ከበሩ ለሚገባ ሰው ደግሞ 80 ሴንቲ ሜትር መተላለፊያ ተዉ። ምንጣፉ ቢያንስ የሶፋዎቹን የፊት እግሮች ይያዝ።

መስኮታችሁ የታደለ ነው። ሐይቁ ከከተማው በስተሰሜን ስለሆነ ፀሐይ በቀጥታ የምትገባበት ጊዜ ጥቂት ነው። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ወደ ሰሜን ብታዘነብልም በቀትር ከአናት ብዙም ስለማትርቅ የጣሪያው ክፈፍ ይከልላታል። እንዲህ ላለ መስኮት ከባድ መጋረጃ መስቀል ብርሃኑን መበደል ነው። ስሱ ነጭ ይበቃል፤ ዘንጉ ከመስኮቱ በግራም በቀኝም 20 ሴንቲ ሜትር ይለፍ፣ የተሰበሰበው ጨርቅ መስታወቱን እንዳይሸፍን። ቴሌቪዥኑን ከመስኮቱ ትይዩ አታስቀምጡት፤ የመስኮቱ ብርሃን ስክሪኑ ላይ ያንጸባርቃል።

ጥያቄ፦ ሐይቁ ዳር ነን፤ ሲመሽ መብራት እንዳበራን ትንኝ ይወረናል። መብራቱን መቀየር ይረዳል?

መልስ፦ ይረዳል። ነፍሳትን ይበልጥ የሚስበው ሰማያዊነት ያለው ነጭ ብርሃን ነው፤ በረንዳውንና ሳሎኑን 2700 አድርጉ። ጨርሶ አይጠፉም፣ ይቀንሳሉ እንጂ። መጋረጃውን መዝጋት መብራት ከማብራት ይቅደም። የመስኮቱ ወንፊት ዳርና ዳሩ ላይ ክፍተት ካለው የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው።

ጥያቄ፦ ተከራይ ነኝ፤ ግድግዳ መብሳት አልችልም። በዚያ ላይ የገዛሁት ኤልኢዲ ካጠፋሁትም በኋላ ደብዘዝ ብሎ ይበራል። ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ ለመጀመሪያው፣ ሶኬት ላይ የሚሰካ የቁም መብራት ምንም መብሳት አይፈልግም። ሽቦውን ግን ምንጣፍ ሥር አታሳልፉት፤ እየተረገጠ ሽፋኑ ይላጣል፣ ሙቀቱም መውጫ ያጣል። በግድግዳው ጥግ አስኪዱት።

ሁለተኛውን ቸል አትበሉት። ማብሪያ ማጥፊያው ላይ ትንሽ ጠቋሚ መብራት ካለች በእርሷ በኩል የምታልፈው ጥቂት ኤሌክትሪክ ናት፤ አደጋ የለውም፣ ጠቋሚ የሌለው መግዛት ይበቃል። ጠቋሚ ከሌለ ግን ማጥፊያው የሚቆርጠው ፌዙን (ኤሌክትሪኩን የሚያመጣውን ሽቦ) ሳይሆን ኒውትራሉን (የመመለሻውን ሽቦ) ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ መብራቱ ጠፍቶም የአምፖሉ መያዣ 220 ቮልት እንደያዘ ነው፤ አምፖል ስትቀይሩ ሊይዛችሁ ይችላል። ለአከራያችሁ ንገሩና ባለሙያ ብሬከሩን አውርዶ ሁለቱን ሽቦ ያዘዋውረው። እስከዚያ አምፖሉን አትንኩት።